ቀይ መስመር የተሰመረበት ብሎን

ጋሽ ቀናው፣ ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎን ላረጋጋ። ይህን ማይክሮፎን የሞከርኩት ራሴ ነኝ። የተቀመጡበትን ወንበር ያመጣሁትም እኔ ነኝ፤ አራቱም እግሮቹ ደህና ናቸው። ፊትዎ ያለውን የለስላሳ ጠርሙስ ማንም አልነካውም፣ ቆርኪው እንደታሸገ ነው። አዎ፣ ያገላብጡት፣ ግድ የለም። ሃያ ሦስት ዓመት ስናየው የኖርነው ነገር ነው፣ በሽኝትዎ ቀን አንከለክልዎትም።

እናንተም ቶሎ አትሳቁ፣ ገና ነኝ። እኚህ ሰው ጡረታ የወጡት በሰኔ ነው። ሁላችንም አንድ ማዕድ እንድንቀርብ ብለን፣ መጀመሪያ ረመዳኑ ይለፍ፣ ከዚያ የሐዋርያት ጾም ይፈታ እያልን ሽኝቱን ሐምሌ ስምንት አደረስነው። ባለፈው ሳምንት ቢሮዬ መጡ። በሩን ዘጉ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “ኢልዋድ፣ ይህ ሽኝት የሚዘገየው ለምንድን ነው? ደብዳቤዬ ላይ የተገኘ ነገር አለ?” አሉኝ።

“ኧረ ጾም ነው ጋሼ!”

“የማን ጾም?”

“የእርስዎ!” አልኳቸው።

ለማታውቁኝ እንግዶች፣ ኢልዋድ እባላለሁ። ዛሬ በውኃ ምርመራ ክፍል የጋሽ ቀናው ባልደረባ ነኝ፤ እሳቸው በ1986 ዓ.ም. ጅጅጋ ሲገቡ ግን ገና የታይፕ ጸሐፊ ነበርኩ። ስለዚህ የመጡበትን ቀን በዓይኔ አይቻለሁ። ከሐረር አውቶቡስ ወርደው፣ አቧራ ለብሰው፣ ሦስት ጓጉንቸር የተንጠለጠለበት የእንጨት ሳጥን ታቅፈው መጡ። የዚያን ጊዜው ኃላፊያችን አቶ ዐብዲሓኪም፣ አላህ ይርሐማቸው፣ ከወንበራቸው ተነስተው፣ “እንኳን ደህና መጡ! የዝውውር ደብዳቤዎን ይስጡኝ” አሏቸው። ጋሽ ቀናው ደብዳቤውን ከደረት ኪሳቸው አወጡ። ሊሰጡ እጃቸውን ዘረጉ። ከዚያ መለስ አደረጉትና፣ “ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ መታወቂያዎን ማየት እችላለሁ?”

ኃላፊውን ነው እኮ! በገዛ ቢሮአቸው! አቶ ዐብዲሓኪም በር ላይ የተለጠፈውን ስማቸውን ቢያሳዩዋቸው፣ “በር ላይ ማንም መጻፍ ይችላል” አሉ። መታወቂያው ወጣ። ፎቶው ከፊታቸው ጋር ተመሳከረ። “እዚህ ላይ ጺም የለዎትም” ተባለ። እኔ ታይፕ ላይ ተደፍቼ እንዳልስቅ ከንፈሬን ነክሼ ነበር። አቶ ዐብዲሓኪም ሲሸኟቸው ወደ እኔ ዞረው፣ “ይህ ሰው ወይ አንድ ወር አይቆይም፣ ወይ ከዚህ ቤት አይወጣም” አሉኝ።

ይኸው አልወጡም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። “ጋሽ ቀናው፣ እንዴት አደሩ?” “ለምን ጠየቅሽ?” “ስንት ሰዓት ሆነ ጋሼ?” “ለምን ጠየቅሽ?” አንድ ቀን ዝናቡ ሲያካፋ አዝኜላቸው፣ “ጃንጥላ ይዘዋል?” ብላቸው ግራ ቀኝ አይተው፣ “ማን ላከሽ?” አሉኝ። ከባቢሌ ኦቾሎኒ ስናመጣ እንኳ ከነቅርፊቱ ካልሆነ አይቀምሱም፤ የተፈለፈለ ኦቾሎኒ በስንት እጅ እንዳለፈ አይታወቅማ። ጠረጴዛቸው ላይ ከመስተዋቱ ሥር፣ በእጃቸው የጻፏት ወረቀት አለች፣ “ያልጠረጠረ ተመነጠረ” የምትል። ወረቀቷ ራሷ በአራቱም ማዕዘን ቀይ ነጥብ አለባት፣ ማንም በሌላ እንዳይቀይራት።

እንግዲህ ነገ ጠዋት ጋሽ ቀናውና ባለቤታቸው እትዬ መሠረት ዕቃቸውን ጭነው ወደ ደብረ ማርቆስ ይሄዳሉ። እኔ ደግሞ አሥር ዓመት ሆዴ ውስጥ የደበቅሁት ነገር አለ። እዚያ በሩ አጠገብ እጁን አጣምሮ የተቀመጠውን ሹፌራችንን ዲሪዬን ታዩታላችሁ። እነዚህ ሁለት ሰዎች አሥር ዓመት ሙሉ ከሰላምታ በቀር አልተነጋገሩም። ለምን እንደሆነ እናውቃለን ትላላችሁ። አታውቁም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባላል፤ እዚህ ብቅል የለም፣ እኔ በለስላሳ ነው የማወጣው።

ነገሩ የሚጀምረው ከቀዩ መስመር ነው።

ጋሽ ቀናው የገጠር የውኃ ፓምፖችን ሲቆጣጠሩ፣ አንድ ብሎን አጥብቀው ከጨረሱ በኋላ ከብሎኑ አናት እስከ ብረቱ ድረስ ቀጭን ቀይ መስመር ያሰምሩበታል። በሚቀጥለው ጉዞ መስመሩ እንደተገጠመ ካለ፣ ብሎኑን የነካው የለም። መስመሩ ከተዛነፈ ግን፣ ወይ ብሎኑ በራሱ ላልቷል፣ ወይ ሰው አዙሮታል። “በራሱ ላልቷል” የሚለውን እሳቸው አያምኑም። የግድግዳ ቀለም ፀሐዩን አልችል ብሎ ሲረግፍባቸው፣ ብዙ ሞክረው ሞክረው አንድ የማይለቅ ነገር አገኙ። የሴት የጥፍር ቀለም።

ገበያ ውስጥ ሽቶና ኩል የምትሸጠው ሱዕዲ አንድ ቀን እጄን ይዛ ወደ ጥግ ወሰደችኝ። “ወላሂ ኢልዋድ፣ ያ መነጽር ያለው ሰውዬአችሁ ስንት ሴት ነው ያለው? በየወሩ ሦስት ብልቃጥ ይወስዳል! ደግሞ ሁልጊዜ ቀይ!” ለብሎን ነው ብላት፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔንም መጠርጠር ጀመረች። እትዬ መሠረት ከአገር ቤት መጥተው ሲቀላቀሏቸው ደግሞ፣ በዚያ ባለ ሦስት ጓጉንቸር ሳጥን ውስጥ አሥራ አንድ ብልቃጥ አገኙ። እትዬ፣ ያን ዕለት የተባለውን እዚህ አልደግመውም። ለጎረቤት ግን ተሰምቷል፤ እኔ ነኝ ጎረቤታችሁ።

በ1994 ነጯን ዲኤክስ ከአንድ የእርዳታ ድርጅት በጨረታ ገዙ። ሰው መኪና ሲገዛ ደስ ይለዋል፣ እሳቸው ሦስት ቀን እንቅልፍ አጡ። “ደህና ከሆነች ለምን ሸጧት?” ጋራዥ የሚባል ነገር አይነሳባቸውም። “የገባችውና የወጣችው መኪና አንድ መሆኗን በምን ታውቂያለሽ?” ይሉኛል። እሑድ እሑድ ራሳቸው ግቢያቸው ውስጥ ይጠግናሉ፤ እኔ በአጥሩ በኩል አያለሁ። ዲሪዬም የወተት ሻዩን በቴርሞስ ይዞ ይመጣል፣ ባልዲ ገልብጦ ይቀመጣል። ልብ በሉ፣ ጋሽ ቀናው በዚህ ከተማ ሳያሸቱ የሚጠጡት ሻይ ያንን ብቻ ነበር። ከመጡበት ዓመት ጀምሮ ለሥራ ወደ ገጠር ወረዳዎች፣ ደምበል ሲሉ፣ አውበሬ ሲሉ፣ አንድ መኪና ውስጥ ከአንድ ቴርሞስ ሲጠጡ የኖሩ ሰዎች ናቸው።

የዛገ ብሎን ሲገጥማቸው ጋሽ ቀናው መርማሪ ይሆናሉ። ከመኪናዋ ሥር ድምፃቸው ይሰማኛል፣ “ማን ነው እንዲህ ያጠበቀህ? እ? ተናገር!” ቁልፉ ያንሸራትታል፣ ጣታቸው ይላጣል፣ “አውቆ ነው! አውቆ ነው ያጠበቀው!” ዲሪዬ ከባልዲው ሳይነሳ፣ “ሰብር፣ አደር፣ ሰብር” ይላቸዋል። ሰብር ትዕግሥት፣ አደር ደግሞ አጎቴ እንደማለት ነው። “ናፍታ ጠብ ያድርጉበት። አናቱን በመዶሻ ቀስ እያሉ ይምቱት። ከዚያ ይውጡና ሻይ ይጠጡ። ብሎን እንደ ግመል ነው፣ ከታገሉት ይተኛብዎታል።” ሁለተኛው ሻይ ሳያልቅ ብሎኑ ጢቅ ብሎ ይፈታል። ጋሽ ቀናው ይወጡና ዲሪዬን በመነጽራቸው አናት አተኩረው ያዩታል። “አንተ፣ እንደሚፈታ በምን አወቅህ?” ይሳሳቃሉ። እኔም በአጥሩ ማዶ እስቃለሁ።

በመጋቢት 1999 የእናታቸው መርዶ መጣ። ከእትዬ መሠረት ጋር ሲሄዱ የመኪናዋን ቁልፍ በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ። ወረቀቱ ላይ አሥራ አራት መመሪያ ተጽፏል፤ በሦስት ቀን አንዴ አሥር ደቂቃ አስነሺያት፣ አታንቀሳቅሻት፣ ስታስነሺያት ያየ ሰው ካለ ስሙን ጻፊ። እንባቸው ጉንጫቸው ላይ እያለ፣ “ከዚህ ከተማ ቤቴን ለአንድ ሰው እመን ብባል አንቺን ነው የማምነው” አሉኝ። እኔም አለቀስኩ። ከአጥሩ በር ተመልሰው መጥተው ቁልፉ በእርግጥ እጄ ላይ መሆኑን አዩና ሄዱ።

ዘይቷን ሊቀይሩ አዲስ ዘይት ገዝተው በረንዳው ላይ አስቀምጠው ነበር። ሳየው ውዬ ሳየው አድሬ አሳዘኑኝ። ከሐዘን የሚመለስ ሰው አንድ ሥራ እንኳ ቢቀልለው ብዬ አሰብኩ። መቼም ሃያ ጊዜ በአጥር አይቻቸዋለሁ፣ አንድ ብሎን መፍታት ምን ይከብዳል? የብሎን መፍቻ ቁልፍ አልነበረኝም፣ ድንበሩ ላይ ካለው ውጫሌ ገበያ የሚያብረቀርቅ ሙሉ ሳጥን ገዛሁ። ቁልፎቹ ላይ ያለው ቁጥር የእኛ ቁጥር አይደለም፣ በኢንች የተጻፈ ክፍልፋይ ነው። ሻጩን “አሥራ አራት ቁጥር የቱ ነው?” ስለው አንዱን አንስቶ፣ “ይኸው፣ ራሱ ነው ወላሂ!” አለኝ። የማለ ሻጭ አምኜ መጣሁ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!

እሑድ ከሰዓት በኋላ ትከሻዬ ላይ የምጥለውን ጋርባሳሬን ወገቤ ላይ አሰርኩ፣ ካርቶን አነጠፍኩ፣ ከመኪናዋ ፊት በኩል ሥሯ ገባሁ። የዘይት ማፍሰሻው ብሎን ፊቱን ወደ ኋላ አዙሯል፤ እኔ ከፊት ስለገባሁ እጄን አዙሬ ነው የምደርስበት። ብሎን ወደ ግራ ይፈታል ሲሉ ሰምቻለሁ። ወደ ግራዬ አዞርኩ። እምቢ አለ። የእኔ ግራ ለእሱ ቀኝ መሆኑን ማን ይንገረኝ? በሁለት እጄ ያዝኩት፣ እግሬን ጎማው ላይ ተክዬ ገፋሁ። ይባስ ጠበቀ። ቁልፉ ሲገባም ትንሽ ይወዛወዝ ነበር፤ ቢስሚላህ ብዬ አንድ ጊዜ ስገፋ ቅርር አለና ዞረ። “ተፈታ!” ብዬ ጮህኩ። በእጅ ባትሪ ሳየው ስድስቱም ጠርዝ ተበልቶ የብሎኑ አናት ክብ ሆኗል። ቁልፉ ብቻ ነበር የዞረው። ቀዩ መስመርም የለም፣ ተፍቆ አልቋል።

ምን አደረግሁ መሰላችሁ? ቤቴ ገብቼ የራሴን የጥፍር ቀለም አመጣሁና መስመሩን መልሼ ቀባሁት።

አዎ ጋሼ። እኔ ነኝ። ይቀመጡ እባክዎ፣ አልጨረስኩም። እትዬ መሠረት፣ እጃቸውን ያዙልኝ።

በሃያ ሁለተኛው ቀን ተመለሱ። ጥቁር ልብሳቸውን ሳያወልቁ የእጅ ባትሪ ይዘው መኪናዋ ሥር ገቡ። ከዚያ ከሥር ድምፅ መጣ፣ “ይህ ቀይ የእኔ ቀይ አይደለም።” እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። ያ ቀይ አሥሩም ጥፍሬ ላይ አለ! እጄን ጋርባሳሬ ውስጥ ከተትኩ፣ በማግስቱ ጣቴን በሙሉ ሂና ተቀባሁ።

“ኢልዋድ፣ ጠርዙን እይው” አሉኝ። “የተበላው በመፍታት አይደለም፣ በማጥበቅ ነው። ሊሰርቅ የመጣ ይፈታል። ሊጠግን የመጣም ይፈታል። ሰው የሌላ ሰው ብሎን የሚያጠብቀው ለምንድን ነው? ይህ ተንኮል ነው!” ስለ ራሴ እንዲህ ያለ ክፉ ነገር ሰምቼ አላውቅም። “ያላወቀ ሰው ቢሆንስ?” አልኳቸው በቀጭን ድምፅ። “ያላወቀ ሰው መስመሩን መልሶ አይቀባም” አሉ። እውነታቸውን ነው።

ከዚያ በጣታቸው ቆጠሩ። የብሎን መፍቻ ያለው ማን ነው? መስመሩን የሚያውቅ ማን ነው? ቤቱ ውስጥ የጥፍር ቀለም ያለ ማን ነው? ዲሪዬ ሙሽራ ያገባው በዚያው ወር ነበር። እኔ ለመናገር አፌን ከፈትኩ። ጋሽ ቀናው ደግሞ የመኪናዋን ቁልፍ ከእጄ ተቀብለው፣ “አንቺ ባትኖሪ ማን ነበረኝ?” አሉኝ። አፌን ዘጋሁ። ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ነገ ከነገ ወዲያ ሆነ፣ ከነገ ወዲያ አሥር ዓመት ሆነ።

ዲሪዬን ፊት ለፊት አንድ ቃል አልተናገሩትም። ሹፌር እንዲቀየርላቸው ጠየቁ፣ ያ ብቻ ነው። አንድ እሑድ ቴርሞሱን ይዞ ሲመጣ በአጥሩ በኩል አየሁ። ቀድቶ ሰጣቸው። ብርጭቆውን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ፣ አሸተቱ፣ “አልጠማኝም” ብለው አስቀመጡት። ዲሪዬ ሻዩን መሬት ላይ ደፋ፣ ባልዲውን ወደ ቦታው መለሰ፣ ወጣ። የመጀመሪያ ልጁ ስትወለድ ሁላችንም ሄድን፣ እሳቸው አልሄዱም። እኔ ሄጃለሁ። በገዛ አጥፊነቴ፣ የሕፃን ልብስ ይዤ!

ብሎኑንማ ማስረጃ ነው ብለው ማንም እንዳይነካው ከለከሉ። አስቡት፣ አሥር ዓመት ዘይት የሚቀይሩት በምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ስንስቅበት የኖርነው ነው። ግመል የሚወጋበት ትልቅ ሲሪንጅ፣ ጫፉ ላይ ቀጭን ቱቦ፣ በዘይት መለኪያው ቀዳዳ እየሰደዱ መምጠጥ። አንድ እሑድ ሙሉ ይፈጃል። እኔ በአጥሩ ማዶ ሲሪንጁ በመጠጠ ቁጥር እሰማለሁ። እናንተ ስትስቁ እኔ የምስቀው ሰው እንዳይጠረጥረኝ ነው። እንዲያውም መጠርጠር ለመድኩ ልላችሁ፤ “ኢልዋድ፣ እንዴት አደርሽ?” ስትሉኝ “ምን ሰምተው ነው?” እላለሁ በልቤ። ከጋሽ ቀናው ብሼ አርፌዋለሁ።

አሁን ጋሼ፣ አንድ ነገር እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ። ጥርጣሬዎን ልሰድብ አልቆምኩም። በ1995 አውበሬ በኩል አዲስ የተቆፈረው ጉድጓድ ሊመረቅ ሪባኑ ተወጥሮ፣ በጉ ታርዶ፣ እርስዎ የውኃውን ወረቀት ይዘው ቁጭ አሉ። “ሦስቱም ናሙና እንዴት አንድ ዓይነት ቁጥር ሆነ? ውኃ እንኳን በሦስት ቀን፣ በሦስት ሰዓት ይለዋወጣል” አሉ። ስንቱ ተቆጣ! እኔም ተቆጥቻለሁ፣ ርቦኝ ነበር። አልፈርምም ብለው ሳጥንዎ ላይ ተቀመጡ። ናሙናውን እንደገና ቀድተው ለዲሪዬ ሰጡት፣ እሱም ሐረር አድርሶ ውጤቱን አመጣ። ፍሎራይዱ ከመጠን በላይ ነበር፤ ያ ውኃ ለሕፃን የሚሆን አልነበረም። ዛሬ በዚያ ቀበሌ ጥርሳቸው ያልተበላሸ፣ አጥንታቸው ያልጎበጠ ልጆች አሉ፤ ስምዎን አያውቁም። እኔ አውቃለሁ። ቀዩ መስመርዎም እንደዚያው ነው። ደምበል ድረስ ብትሄዱ የፓምፕ ጠባቂዎቹ ብሎን ሲያጠብቁ ቀይ ያሰምራሉ፣ ማን እንዳስተማራቸው የማያውቁ አሉ። ፓምፕ ሳይወድቅ በፊት መላላቱን የምናውቀው በዚያ ነው። ለዚህ ሁሉ አመሰግንዎታለሁ። የታይፕ ጸሐፊ የነበረችውን ልጅ፣ “ቁጥር ስትጽፊ ቁጥሩን ጠይቂው” ብለው የላቦራቶሪ ሰው ያደረጓትም እርስዎ ነዎት።

ግን ይኸው ጥርጣሬ ያለ ቦታው አንድ ሰው መትቷል። ወደ እሱ የጠቆመው ደግሞ የእኔ ዝምታ ነው።

ባለፈው እሑድ ዲሪዬ ቤት ሄድኩ። መጀመሪያ ለእሱ ልንገረው፣ ሰው ፊት የሚሰማው የመጀመሪያ ጊዜ አይሁን ብዬ። ሳልጨርስ አቋረጠኝ።

“አውቃለሁ” አለኝ።

“ምኑን?”

“ያን እሑድ መኪናዋን ልያት ብዬ መጥቼ ነበር። ከሥሯ ሁለት እግር አየሁ። አረንጓዴ ጫማ። ‘ተፈታ!’ ብለሽ ስትጮሂም ሰምቻለሁ። ወደ ቀኝ እያዞርሽው ነበር።”

ተቀመጥኩ። “ታዲያ ለምን አልተናገርክም? አሥር ዓመት! በአንተ ላይ እኮ ነው የተላከከው!”

ዲሪዬ ቶሎ አይናገርም፣ ታውቁታላችሁ። “አደር እናታቸው ሞተውባቸው ነው የመጡት” አለኝ። “በዚህ አገር የሚያምኑት ሁለት ሰው ነበራቸው። አንዱን በገዛ እጃቸው ጣሉት። ሁለተኛዋን እኔ ብወስድባቸው ማን ይቀራቸዋል?”

ከዚያ እሱ የሚነዳው የመሥሪያ ቤት መኪና ጋ ወሰደኝ። ከፊት ካለው መሳቢያ በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። አንድ ቡሶላ፣ የብሎን አናት ውስጡ የሚገባበት ክብ መፍቻ። አሥራ ሦስት ቁጥር። “የሳቸው ብሎን አሥራ አራት ነው” አለኝ። “ጠርዙ ስላለቀ አሥራ አራት አይዘውም። አሥራ ሦስቱን በመዶሻ መትተሽ ብታስገቢው ይነክሰዋል። በዚያው ሳምንት ነው የገዛሁት። አንድ ቀን ‘ዲሪዬ፣ ና ፍታልኝ’ ይሉኛል ብዬ።” በእነዚህ አሥር ዓመታት መሥሪያ ቤቱ ሦስት መኪና ቀይሮለታል። ቡሶላው ከመኪና መኪና አብሮት ሲዛወር ኖሯል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእኔ እጅግ አደረ። ዲሪዬ፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ስምህን አቁስዬ ዝም ብያለሁ። ጋሽ ቀናው፣ ይቅርታ እጠይቅዎታለሁ። ያመኑኝን ያህል አልነበርኩም። ብሎኑን ማበላሸቴ ቀላሉ ነው፣ ብሎን ይቀየራል። ጓደኛዎን አሥር ዓመት የወሰድኩብዎት ነው የከበደኝ። ደብረ ማርቆስ ሩቅ ነው፤ ይህን ይዘው እንዲሄዱ፣ እኔም ይህን ይዤ እንድቀር አልፈለግሁም።

ቡሶላው ይኸው፣ ጠረጴዛዎ ላይ አስቀመጥኩት። ያገላብጡት። ቁጥሩን ያንብቡ። መኪናዋ ግቢ ውስጥ ቆማለች፤ ናፍታ እንኳ ጠብ አላደረግንባትም፣ ማስረጃዎን ያለ ፈቃድዎ ማን ይነካል!

ዲሪዬ፣ ና። ቴርሞሱን ይዘህ ና። አዎ፣ ይዘኸው እንደመጣህ አውቃለሁ፣ ወንበርህ ሥር ነው።

ጋሼ፣ ያን ጠርሙስ ይተዉት፣ ቆርኪው እንደታሸገ ይኑር። ዲሪዬ ይቅዳልዎት። እናንተም ተነሱ፣ የያዛችሁትን አንሱ፣ ሻይም ይሁን ለስላሳ ወይም ውኃ። ጋሽ ቀናው፣ እግርዎ የረገጠው ሁሉ የሰላም ይሁን። እናንተን የሚቀበለው ጎረቤት እናንተን ይምሰል። እትዬ መሠረት፣ ሳጥኑ ውስጥ የጥፍር ቀለም ቢያገኙ የብሎን መሆኑን ይመኑ። ጡረታው የጤናና የዕረፍት ይሁንልዎ፣ የልጅ ልጅ ጉልበትዎ ላይ ይቀመጥ። ከጅጅጋ ስንደውል ‘እንዴት ነዎት?’ ካልንዎት፣ ደህና መሆንዎን ልንሰማ ብቻ ነው። አሜን በሉ፣ አሚን በሉ። ለጋሽ ቀናው!

ቆይ፣ ቆይ፣ አትጩኹ። እዩዋቸው።

ጠጡት። ወደ አፍንጫቸው ሳያስጠጉ ጠጡት! ዲሪዬ፣ ድገምላቸው።

ምን አሉ ጋሼ? ከኋላ ያሉት አልሰሙም፣ በማይክሮፎኑ ልድገመው። “ዲሪዬ፣ ና ፍታልኝ” ነው ያሉት።

እንግዲህ ንግግሬ አበቃ፣ ምግቡ ይቆየን። ሁላችንም ወደ መኪናዋ እንሄዳለን። የእጅ ባትሪውን የምይዘው እኔ ነኝ። ብሎኑ በየት በኩል እንደሚዞር ግን እባካችሁ እኔን አትጠይቁኝ።